ሕመምተኛውና አስታማሚው ሳይጠየቁ የሚደረግ ምርምር

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ)

ስለ ጤና አጠባበቅ በየሳምንቱ ከምንሰጣቸው ንግግሮች መካከል የዛሬው ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ንጽሕና አይደለም፤ ስለ ምርምር ነው። ምርምር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ሰው ‹‹ይህ የሊቃውንት ነገር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም›› ብሎ ሬዲዮውን ወደ ዘፈን እንደሚያዞር አውቃለሁ። ዳሩ ግን የዛሬው ጉዳያችን ሐኪሞችና ሊቃውንት ስለ በሽታና ስለ ሕክምና ሲመራመሩ ሕመምተኛውና አስታማሚው ምን ቦታ አላቸው የሚለው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ታሞም ሆነ አስታሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ቢያዞረው ቅር አይለኝም።

በከተማችን በምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከሰው መኖሪያ ራቅ ተደርጎ ይሠራ ስለ ነበር፣ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበር። ከየአገሩ ለሕክምና የመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ በዙሪያው ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው ቀሩ፤ ከተማውም እያደገ ሄዶ ደረሰባቸው። በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. በዚሁ ሆስፒታል ላይ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ማዕከል ተመሠረተ፤ ሕዝቡ አለርት እያለ የሚጠራው እርሱን ነው። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተከፈተ፤ ስሙም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲቱት ተባለ። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፤ የስሙን ባለቤት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የዛሬውን ነገራችንን ከእርሱ እንጀምራለን።

ሐንሰን የኖርዌይ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ከተማ ሲሠራ፣ በሥጋ ደዌ ሕሙማን ገላ ውስጥ በዓይን የማትታይ ረቂቅ ተሕዋስ አገኘ፤ ደዌውንም የምታመጣው እርስዋ ናት አለ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ታላላቅ ሐኪሞች ዘንድ እንኳ ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ነገሩ ታላቅ ግኝት ነበር። ሰውየውን ግን አንድ ነገር አስቸገረው። ተሕዋሲቱን ከሰው ገላ ውጭ ማራባት አልሆነለትም፤ በእንስሳም ላይ አልያዘለትም። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው መተላለፏን የሚያሳይበት ማስረጃ አጣ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1879 በሆስፒታል ተኝታ የምትታከም አንዲት ሴት አስጠርቶ፣ ከሌላ ሕመምተኛ እብጠት በተወሰደ ነገር የተነከረ መርፌ ዓይኗ ላይ ወጋት። ሴትዮዋ ራስዋ የሥጋ ደዌ ነበረባት፤ እርሱ ማወቅ የፈለገው ሌላው ዓይነት ደዌ ተላልፎ ይይዛት እንደ ሆነ ነው። ምን ሊያደርግባት እንደ ሆነ አልነገራትም፤ ፈቃድዋንም አልጠየቀም።

ነገሩ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1880 ተፈረደበት፤ ከሆስፒታሉ ሐኪምነትም ተሻረ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም መሆኑ ግን አልተነካበትም። የተወጋችውም ሴት ሌላው ደዌ አልያዛትም። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሰኘው፣ ፈቃድ ያልጠየቀበት ምክንያት ነው፤ ሴትዮዋ ነገሩን እኔ በማይበት ዓይን አታየውም ብሎ ገምቶ እንደ ነበር ሐንሰን አልሸሸገም።

ይህን ታሪክ የማነሣው ሟቹን ለመክሰስ አይደለም። ሐንሰን ሳይኖር ሕመምተኞቻችን ዛሬም የተረገመ ዘር ተብለው በቀሩ ነበር። ነገር ግን እኔ በማይበት ዓይን አያየውም ማለት ሕመምተኛውን ላለመጠየቅ ምክንያት ተደርጎ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በመሠረቱ ግን ለመጠየቅ ዋናው ምክንያት እርሱው ነበር። ሐኪሙ የሚያየውን ሐኪሙ አይቶታል። ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው እርሱ ያላየውን ለማየት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ብዙ መንገድ ሄዷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእስረኞች ላይ የተሠራው ግፍ ከተገለጠ በኋላ፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ በሰው ገላ ላይ ምርምር እንዳይደረግ እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ፣ በ1964 ደግሞ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ደንብ አወጡ። በአገራችንም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መመርመር አለበት። ስለዚህ ዛሬ ተመራማሪው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ያነብልናል፤ እንፈርማለን፣ ወይም አውራ ጣታችንን እናትማለን።

ይህ መልካም ነው፤ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ልብስ ሰፊ ‹‹ልስፋልህን?›› ብሎ ማስፈቀዱ አንድ ነገር ነው፤ ሜትሩን አውጥቶ ትከሻህንና ወገብህን መለካቱ ሌላ ነው። ሳይለካ ቢሰፋ፣ ፈቃድ ጠይቆ የሰፋው ልብስም አይሆንህም። ሕመምተኛውን የምርምር ሸሪክ ማድረግ ማለት ሌላ ሰው ላዘጋጀው ጥያቄ ‹‹እሺ›› ወይም ‹‹እምቢ›› እንዲል ብቻ ሳይሆን፣ ጥያቄው ሲዘጋጅ፣ መልሱ ሲሰበሰብ፣ ውጤቱም ሲተረጐም አብሮ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት፣ ሕዝቡ ስለ ጤናው በሚታቀደውና በሚሠራው ሁሉ መካፈል መብቱም ግዴታውም ነው ብለው ነበር። የሄልሲንኪው ደንብም እ.ኤ.አ. በ2024 ሲታደስ፣ ተሳታፊዎቹና ማኅበረሰባቸው ከምርምሩ በፊት፣ በመካከሉና ከፍጻሜውም በኋላ የምር ሊካፈሉ እንደሚገባ ተጽፎበታል።

ይህን ከወረቀት አውርጄ በገዛ ራሴ ካየሁት ላስረዳ።

እናቴ የስኳር ሕመም ነበረባት። በየወሩ ወደ አንድ ሆስፒታል፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ይዣት እሄድ ነበር። ካርድ ክፍሉ የሚከፈተው ከጧቱ በ2 ሰዓት ሲሆን፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ቀኑን ሙሉ ስለሚጉላላ ሁላችንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከበሩ ውጭ እንሰለፍ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ደሙ የሚመረመረው በባዶ ሆዱ ስለ ሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሳይበሉ በብርድ ቆመው ይነጋባቸዋል። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ልጁ ከጀርባው ደግፎ ይይዘዋል። ለክፉ ቀን ብላ በነጠላዋ ጫፍ ስኳር ቋጥራ የምትመጣም ነበረች።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት የታተመ ወረቀት ይዞ ወደ እኛ መጣ። ሆስፒታሉ አገልግሎቱን ለማሻሻል ጥናት እያደረገ መሆኑን በትሕትና ነገረን። ከዚያም እናቴን፣ ‹‹እማማ፣ ካርድ ካወጡ በኋላ ሐኪም ዘንድ እስኪገቡ ስንት ሰዓት ጠበቁ?›› አላት። እርስዋም ‹‹አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ልጄ›› አለችው። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ ከካርዱ በፊት ከበር ውጭ ሦስት ሰዓት ያህል መቆማችንን ነገርሁት። ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ ‹‹ለእርሱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ደግሞም እርስዎ ሕመምተኛ አይደሉም›› አለኝ። እንዳልኋችሁ፣ ልጁ ትሑት ነበር፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። ያ ጥናት በመጨረሻ ምን ብሎ እንደ ተጻፈ አላየሁም። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ የእናቴ ጥበቃ አንድ ሰዓት ሆኖ መመዝገቡን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሰት የሚሆን ቃል አልተጻፈበትም፤ እውነቱ ግን ከበር ውጭ ቀረ። ጥያቄው ከመታተሙ በፊት ሁለት ሕመምተኞችና ሁለት አስታማሚዎች ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ቢያዩት ኖሮ፣ ‹‹ጥበቃ የሚጀምረው ከየት ነው?›› ብለው በጠየቁ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘነበወርቅ ልመልሳችሁ፤ ሕመምተኛው አብሮ ሲሠራ ምን እንደሚገኝ፣ ምንስ እንደሚጐድል የሚያሳይ ሥራ በዚያ ተሠርቷልና።

ሥጋ ደዌ ጣትንና እግርን የሚበላ በሽታ ነው ይባላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ተሕዋሲቱ የምታጠቃው ቆዳንና ጅማትን፣ ይኸውም የስሜት ጅማትን ነው። የስሜት ጅማቱ ሲሞት እጅና እግር ሕመም አይሰማቸውም፤ ሕመም የማይሰማው ሰው ደግሞ ከእሾህ፣ ከእሳትና ከድንጋይ የሚጠብቀው የለም። ቁስሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን በግልጽ ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ብራንድ ቁስል ከየት እንደሚመጣ ብቻውን ሊደርስበት አልቻለም። ስለዚህ አብረውት የሚኖሩትን ወጣት ሕመምተኞች አጋዥ አደረጋቸው፤ እያንዳንዱ ቁስል መቼና በምን እንደ መጣ እንደ ወንጀል መርማሪ እየተከታተሉ እንዲያገኙ ሥራውን ለእነርሱ ሰጠ። አንዱ መዶሻ ሲይዝ፣ አንዱ ምጣድ ሲያወርድ፣ ሌላው ጫማው ሲጠበው እየሆነ የብዙው ምክንያት ተገኘ። ማታ ጤነኛ ሆኖ ተኝቶ ጧት ጣቱ የጐደለበት ሰው ጉዳይ ግን ምሥጢር ሆኖ ሰነበተ፤ በመጨረሻ ሌሊት ተጠብቆ ሲታይ ጣቱን የሚበላው አይጥ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለሕመምተኞቹ ድመት ይሰጣቸው ጀመር። አንባቢና አድማጭ ይፍረድ፤ ሐኪም በአጉሊ መነጽር ስንት ዓመት ቢመለከት አይጥን ያገኝ ነበርን?

በአለርት ደግሞ ችግሩ የቁስል ማሰሪያ ነበር። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የተቀናጀው መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ስለ ጀመረ ሕመምተኛው ከተሕዋሲቱ ይነጻል። የጠፋው ስሜት ግን ሁልጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ከበሽታው የዳነው ሰው ለቁስሉ ማሰሪያ ፍለጋ ዕድሜውን ሙሉ ወደ ሕክምና ይመላለሳል። ይህ ለሰውየውም ለሐኪም ቤቱም የማይገፋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1995 አለርት በየመንደሩ ያሉት ሰዎች እየተሰበሰቡ ቁስላቸውን ራሳቸው እንዲንከባከቡ የራስ አገዝ ቡድኖችን ማቋቋም ጀመረ። እግርን በውኃ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ መፈግፈግ፣ ቅባት መቀባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርስ እግር መተያየት ነው ሥራቸው። ስሜት የሌለውን እግር ባለቤቱ ሳያየው ይቆስላል፤ ጐረቤቱ ግን ያይለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ቡድኖቹ ከ70 በላይ ሆነው ነበር።

የሥራው መሪዎች ካትሪን ቤንቦውና ተፈራ ታምሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱን ባሳተሙ ጊዜ መልካሙን ብቻ አልጻፉም፤ ስለዚህም አከብራቸዋለሁ። ቁስል ቀንሷል፤ ሰዎቹ በራሳቸው የመተማመን መንፈስ አግኝተዋል፤ በጐረቤቶቻቸው መካከል መቆም ጀምረዋል። ነገር ግን የቁስሉ ልክ በደንብ አልተለካም፤ ከቡድኑ የቀሩ አባሎች ነበሩ፤ የሚቈጣጠሩት ሠራተኞችም ትጋታቸው እየላላ ሄዷል። ከእነዚህ ጉድለቶች እኔን የሚያሳስበኝ የመለኪያው ነገር ነው። ጣቱ የታጠፈበት ሰው በምን ይለካል? በክር ነውን፣ ወይስ በሳንቲም አስቀምጦ ማወዳደር ይሻለዋል? ይህ የእኔ ሐሳብ እንጂ የእነርሱ አይደለም፤ ግን መለኪያውን ከሚለካው ሰው ጋር መምረጥ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ ሥራ ይመስለኛል።

በቅርብ ዓመታትም የአርማወር ሐንሰን ኢንስቲቱት የተካፈለበት ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ ተካሂዷል። ይኸውም ከሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጋር ለኖሩ ሰዎች አንድ ጊዜ የሚዋጥ መከላከያ መድኃኒት በየትኛው መንገድ ቢሰጥ ይሻላል የሚል ነው፤ በመንደር ውስጥ የቆዳ ምርመራ ሰፈር ተክሎ ነውን፣ ወይስ ሰዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ ጠርቶ? መድኃኒቱን መስጠት ቀላል ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ቤተ ሰብ መሆን በጐረቤት ፊት ቢታወቅ የሚመጣውን ግን፣ የልጇ ጋብቻ የሚፈርስባት እናት ካልተናገረች ማን ይናገረዋል?

ከሥጋ ደዌ ጋር ብዙ ጊዜ የሚያሳስቱት ሌላ የእግር በሽታ አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚይዝና እግርን የሚያሳብጥ ነው። ሁሉም ባዶ እግሩን እየሄደ አንዱን ቤተ ሰብ ይዞ ሌላውን ስለሚተው፣ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በወላይታ በደም የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው ለመመርመር ተነሡ። ደም ከመቅዳታቸው በፊት ግን ወደ መንደሩ ሄደው፣ ጥናቱን እንዴት ብናደርገው ይሻላል ብለው ጠየቁ። የሰሙት ነገር ከመጽሐፍ የሚገኝ አልነበረም። ብዙው ሰው ምርምርን ከሕክምና አይለየውም ነበር። ደግሞም በሽታው በቤተ ሰብ ውስጥ የሚሄድ ነው የሚል ወሬ ቢወጣ፣ አስቀድሞም ከሠርግና ከማኅበር የሚገለሉት ሰዎች ይብስባቸዋል ብለው ፈሩ። ሐሳባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ ሕዝቡ በሚያምናቸው ሰዎች በኩል መግባት እንደሚገባና ፈቃድ አጠያየቁም ለአካባቢው ተስማሚ መሆን እንዳለበት የሚያሳይ ነው። የደሙ ምርመራ ውጤት በ2012 ወጣ፤ ዝንባሌው በእርግጥ አለ። እኔ ግን ለሁለተኛው ወረቀት ክብር ስሰጥ የፊተኛውን አልረሳም።

በምሥራቅ ጎጃም በ696 የዝሆኔ ሕሙማን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናትም እንዲሁ አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው ሐሳብ በመጠየቅ የተጀመረ ነው። የተፈተነው መድኃኒት ከውጭ አገር የመጣ አይደለም፤ እግርን በሳሙና ታጥቦ መቀባት፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። እግርን በድንገት እያተኰሰ የሚያስተኛው ጥቃት፣ ገና ይህን ባላገኙት ሰዎች ላይ በዓመት 24 ያህል ጊዜ ሲደርስ፣ ባገኙት ላይ 19 ያህል ሆነ። አምስት ጥቃት ቀነሰ ማለት ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል። በእርሻ ወራት ስንት ቀን አልጋ ላይ እንደሚያስቀር ግን ሚስቱና ልጆቹ ያውቁታል። ይህን የመሰለ ሕመም በቤት የሚነሣና በቤት የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ የሚቈጥረው ሕመምተኛው ራሱ ወይም አስታማሚው ነው እንጂ ሐኪም አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁትን የሰማ ሰው ‹‹መጠየቅ ከሆነ ይጠየቁ፣ ምን ችግር አለው?›› ይል ይሆናል። ችግር አለው፤ እርሱም ይሉኝታችን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የተማረ ሰው ፊት፣ በተለይም ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ፊት፣ ‹‹እርስዎ ያውቃሉ›› ማለትን ጨዋነት አድርገን ተምረናል። እናቴ ‹‹አንድ ሰዓት ቢሆን ነው›› ያለችው ጥያቄው ጠብቦ ብቻ አይደለም፤ ልጁ እንዳያፍር ብላም ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ በአሥር ሐኪሞች መካከል ወንበር ተሰጥቶት ‹‹አስተያየት አለዎት?›› ቢባል፣ ‹‹የተባለው ሁሉ መልካም ነው›› ብሎ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ሕመምተኛው ተካፍሏል ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለው መካፈል ካለመካፈል ይከፋል ባይ ነኝ፤ ስሙን ተበድሮ ቃሉን አልወሰደምና።

በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ በአእምሮ ሕመም አገልግሎት ላይ የተደረገው ሥራ ይህን ችግር ፊት ለፊት ያየ ነው። ሲሳይ አባይነህና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች በአገልግሎቱ አመራር ውስጥ እንዳይካፈሉ የሚከለክላቸው ምን እንደ ሆነ ከራሳቸው ጠይቀዋል። ድህነት፣ መገለልና መካፈል እንደሚቻል አለማወቅ ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሕመምተኞችና አስታማሚዎች ሠልጥነው ከጤና ሠራተኞች ጋር አብረው የሚመክሩበት ምርምር በዚያው ወረዳ ተሞክሯል። የአእምሮ ሕመም ነገር አስታማሚው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። ሰውየው ሲብስበት ሌሊት የሚነቃው ማን ነው? መድኃኒቱን ተፍቶት እንደ ሆነ የሚያየው፣ ወደ ጠበል ወይስ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ ብሎ ከዘመድ ጋር የሚከራከረውስ ማን ነው? በአገራችን ሆስፒታሎች ምግብ አምጥቶ የሚያጐርሰውና ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድረው አስታማሚ ከሕክምናው ሥራ ትልቁን ክፍል ይሠራል፤ በጥናቱ መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም።

ሌሎች ተቃውሞዎችም አሉ። ነገሩ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል ይላሉ፤ እውነት ነው። የቀን ሠራተኛ ስብሰባ ሲቀመጥ የዕለት እንጀራው ይቀርበታል፤ ሊቃውንቱ አበል እየተከፈላቸው እርሱን በነጻ ማስቀመጥ ነውር ነው። ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው፣ መናገር የሚችለውና ከተማ የሚያውቀው ብቻ፣ እየተጠራ ይመጣል፤ ይህም እውነት ነው። ሕመምተኛው ሊገባበት የማይገባ ቦታም አለ። ሁለት መድኃኒት ሲወዳደር ማን የትኛውን እንደ ወሰደ አስቀድሞ ቢታወቅ ፈተናው ይበላሻል፤ የደም ምርመራ ንባብም በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ግን የትኛው ሕመም ይቅደም፣ የጐንዮሽ ጉዳቱ የትኛው ይከብዳል፣ ‹‹ተሻለኝ›› ማለት ምን ማለት ነው የሚሉት ጥያቄዎች በላቦራቶሪ አይመለሱም።

አንድ ሰው ብቻውን ተጠርቶ ሲያፍር፣ ማኅበር ግን በእኩል ይናገራል። የኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች ብሔራዊ ማኅበር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 በሥጋ ደዌ በተጠቁ ሰዎችና በቤተ ሰቦቻቸው ላይ የሚደረገው አድልዎ እንዲቀር መመሪያ ተቀብሏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 እነዚህ ሰዎች በአገልግሎቱ እንዴት እንደሚካፈሉ የሚያስረዳ መመሪያ አውጥቷል። እንግዲህ በሥጋ ደዌ ላይ ጥናት ሊያደርግ የሚነሣ ሰው የሚያማክረው አጣሁ ሊል አይችልም።

ከናንተ መካከል ደጃችሁን የሚያንኳኳ ተመራማሪ የሚመጣባችሁ ሰዎች ትኖራላችሁ። በኮልፌና በዘነበወርቅ አካባቢ የምትኖሩት በተለይ ትለምዱታላችሁ። ወረቀቱ ሲነበብላችሁ ያልገባችሁን ቃል ‹‹ድገምልኝ›› ማለት ነውር አይደለም። ምርምሩ ሕክምና ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ብትሉ ወይም ጀምራችሁ ብትተዉ ሕክምናችሁ አይቀርባችሁም፤ ይህም በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ቅሬታ ቢኖራችሁ የምትነግሩት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አድራሻም እንዲሁ። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀው ማን እንደ ሆነ፣ ከናንተ ወገን የተጠየቀ ሰው ኖሮ እንደ ሆነ ጠይቁ። ወረቀቱ ቦታ ያልሰጠው ነገር ካለ፣ ከጀርባው ላይ እንዲጻፍላችሁ ለምኑ። ውጤቱ ሲወጣ ተመልሶ መጥቶ የሚነግራችሁ ማን እንደ ሆነና መቼ እንደሚመጣ ሳታውቁ አትለያዩ።

የሚመጣው ሳምንት ንግግራችን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ይሆናል። ንግግሩ ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ሕመሙ ያለባችሁ፣ ይልቁንም የምታስታምሙ አድማጮች፣ ሐኪም ያልነገራችሁንና ራሳችሁ የደረሳችሁበትን፣ ወይም ሊነገር ይገባል የምትሉትን እስከ ሐሙስ ድረስ ጻፉልን።